የረመዳን ምሳ

መርሳ ውስጥ ስለ ሕመሜ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጦርነቱ ያመጣብኝ ነው ብሎ ያምናል። ልጅቷ ለታናናሾቿ ስትል ተርባ ተርባ ሆዷ ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ምግብ እምቢ አላት ይላሉ። የሚያሳፍር ታሪክ ስላልሆነ ቤተሰቤም ሊያርመው አልፈለገም። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ምግብ መቀነስ የጀመርኩት ከተማችን ሰላም በነበረች ጊዜ፣ አስፋልቱ በአውቶቡስና በአይሱዙ ተጨናንቆ፣ የአባቴ ማንጎ በሣጥን እየተጫነ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ በሚሄድበት ጊዜ ነው።

አባቴ ፍራፍሬ ነጋዴ ነው። የራሱ ጥቂት የማንጎና የብርቱካን ዛፎች አሉት፤ የቀረውን ከሐብሩ ወረዳ ገበሬዎች እየገዛ ያስጭናል። እናቴ ቤቱን ትይዛለች፤ የገበያ ቀን ደግሞ መንገድ ዳር ፓፓያ ትሸጣለች። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ከእኔ በታች አንድ እህትና አንድ ወንድም አሉ።

በልጅነቴ ጨዋ የምባል ነበርኩ። ጨዋ ማለት በእኛ ሰፈር ዝም የምትል፣ ስትጠራ ቶሎ የምትመጣ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደጎደለ ሳይነገራት የምታውቅ ልጅ ናት። ከዚህ ሌላ የራሴ የሆነ ነገርም ነበረኝ። ደብተሬ ላይ አንድ ፊደል ከተበላሸ አልሰርዝም፤ ገጹን ቀድጄ ከመጀመሪያው እጽፋለሁ። ዩኒፎርሜ ላይ ጠብታ ነገር ካየሁ ትምህርት ቤት ከምሄድ መቅረት ይሻለኛል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ አስተማሪያችን የልብ ሥዕል አሥለውን ከአሥር ዘጠኝ ሰጡኝ። ከክፍሉ ትልቁ ውጤት ነበር። እኔ ያቺ አንዷ ለምን እንደተቀነሰች ልጠይቅ ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ።

«ሥዕሉ ጥሩ ነው። አሥር ለማንም ሰጥቼ ስለማላውቅ ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ቤት ገብቼ ያንን ሥዕል ለብዙ ቀን ደጋግሜ ሣልኩት። ቤተሰቤ ይህን ሲያይ የሚያሳስብ ነገር አልታየውም። እንዲያውም እናቴ ጎረቤት ስትመጣ ደብተሬን እያወጣች ታሳይ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ምሳ መብላት ተውኩ። ጊዜ እንዳይባክን ብዬ ነበር። ባዶ ሆዴን ሳጠና ጭንቅላቴ የጠራ መሰለኝ። ከሁሉም በላይ ግን፣ አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ወስኜ ማድረጌ ደስ አለኝ። ፈተናው አለፈ፤ ምሳው አልተመለሰም። ቀጥሎ ዘይት ያለበትን ነገር ተውኩ፣ ቀጥሎ ስኳር። እንጀራዬን አራት ቦታ አጥፌ አንዱን እጥፋት ብቻ መብላት ያዝኩ። ሰኞና ሐሙስ ሱና እጾማለሁ አልኩ፤ ይህ በጣም አስመሰገነኝ። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ባለፈው ረመዳን ያመለጠኝ ጾም አለ፣ ቀዷዬን ልክፈል እል ነበር። የከፈልኩት ቀዷ ካመለጠኝ ጾም እጅግ በለጠ፤ የሚቆጥርብኝ ሰው ግን አልነበረም።

ቀጭን መሆን ፈልገሽ ነው ወይ ተብዬ ኋላ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። መርሳ ውስጥ ቀጭን ሴት ማንም አያደንቅም፤ እኔም ሰው አይቼ እንደዚያች ልሁን አላልኩም። መጀመሪያ የፈለግኩት ያወጣሁትን ደንብ አለመጣስ ነበር። ሰውነቴን መፍራት የመጣው በኋላ ነው፤ ደንቡ እየጠበቀ ሲሄድ፣ ሆዴ ትንሽ በተነፋ ቁጥር የተሸነፍኩ ሲመስለኝ።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ወልድያ ተያዘች፤ ብዙም ሳይቆይ መርሳም ተያዘች። ከጎረቤቶቻችን ገሚሶቹ ወደ ደሴ ሸሹ። አባቴ «ዛፎቼን ጥዬ የት ነው የምሄደው?» ብሎ ቀረ፤ እኛም አብረን ቀረን። መብራት፣ ስልክና ባንክ አንድ ላይ ጠፉ። አስፋልቱ ላይ ከጦር መኪና በቀር የሚሄድ ነገር አልነበረም። የአባቴ ፍሬ የሚጭነው አጥቶ ዛፉ ሥር ወድቆ ሸተተ። ወፍጮ ቤቱ ስለቆመ እናቴ ማሽላውን በድንጋይ ትፈጫለች፤ ጉልበቷ ሲያልቅ ንፍሮ እንቀቅላለን።

በዚያው ሰሞን የአባቴ አክስት ከሐራ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ተኩሱ ሲበረታ አንድ ዘመድ በአህያ ጭኖ አመጣልን። ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። የስኳር በሽታ አለባቸው። ይዘውት የመጡት ኪኒን ቶሎ አለቀ፤ የሚገዛበት ፋርማሲ አልነበረም። የእግራቸው አውራ ጣት ቆስሎ አልሽር አለ። እማማ ሰው አያስቸግሩም። ውሃ አምጡልኝ ከማለት እያነከሱ ጓዳ ድረስ ሄደው መቅዳት ይመርጣሉ። አመመኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ምግብ ሲያጥር ድርሻዬን ለታናናሾቼ መስጠት ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ጎርሼ ሳህኑን ወደ እነሱ እገፋለሁ። አንድ ቀን አባቴ አየኝ።

«የእኔ ልጅ» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አባቴ ሲያለቅስ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

እማማ አላለቀሱም። ከተቀመጡበት ጥግ ሆነው አዩኝ አዩኝና፣ «ይቺ ልጅ ሰጥታ አይደለም የምትነሣው፤ ተገላግላ ነው» አሉ። ማንም ልብ አላላቸውም።

እውነታቸውን ነበር። ለቤተሰቤ መከራ የነበረው ያ ጊዜ ለእኔ ቀላሉ ጊዜ ነበር። ብዪ የሚለኝ የለም። ሁሉም ሰው ከስቷል፤ ቀሚሱ ያልሰፋው አልነበረም፤ ስለዚህ የእኔ መክሳት ከማንም አልለየኝም።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ወደ ሰሜን ተመለሰና መንገዱ ተከፈተ። መጀመሪያ የእርዳታ መኪኖች፣ ከእነሱ ኋላ ነጋዴዎች መጡ። ዱቄት ገባ፣ ዘይት ገባ፣ ዳቦ ቤቱ ሥራ ጀመረ። የወንድሜ ጉንጭ በጥቂት ሳምንት ሞላ። እኔ መክሳቴን ቀጠልኩ።

እናቴ ያወቀችው ጸጉሬን ስትሠራኝ ነው። ጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣኝ ማበጠሪያውን ስትስብ ጸጉሬ እየተነቀለ እጇ ላይ ቀረ። ሻርፔን ከትከሻዬ አውርዳ ክንዴን ያዘች። ክንዴ ላይ እንደ ጨቅላ ሕፃን ያለ ስስ ጸጉር በቅሎ ነበር።

«የወር አበባሽን መቼ ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«ከክረምት በፊት።»

«አሁን ምን ጎደለን? ዱቄቱ አለ፣ ዘይቱ አለ። አሁን ለማን ብለሽ ነው የማትበዪው?»

«አልራበኝም።»

እርቦኝ ነበር። ሁልጊዜ ይርበኝ ነበር። ሳልበላ ተኝቼ የማልማቸው ሕልሞች ሁሉ ስለ ምግብ ነበሩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ያለ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ታይፎይድ ተባልኩ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ። የሆድ ትል ተባልኩ፤ እሱንም ጨረስኩ። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። አባቴ ወደ ሰፈራችን ሸህ ወሰደኝ። ሸሁ አንድ ኩባያ ውሃ ላይ ቁርአን ቀርተው ሰጡኝና ስጠጣ እያዩ ጠየቁኝ።

«ሰኞና ሐሙስ ትጾሚያለሽ አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማክሰኞስ ምን ትበያለሽ?»

ውሃውን ጠጣሁ።

«ረቡዕስ?»

ሸሁ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ውሃውን ትጠጣ፤ ሐኪምም ይያት። ወልድያ ውሰዳት፣ አትዘግይ» አሉት። አባቴ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ አሳፈረን።

ወልድያ ስንደርስ ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የልብ ምቴን ሁለቴ አዳመጠ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው አለ። ደም ተወሰደ። ለጥቂት ቀን አልጋ ይዤ ወተትና አጥሚት በትንሽ በትንሹ እየሰጡ ደሜን እየመረመሩ ቆዩ። ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ከበላ አደጋ እንዳለው ለእናቴ ሲነግሯት እሰማለሁ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ አለን። እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ልጄ እብድ አይደለችም» አለች።

ከውስጥ አንዲት ነርስ ወጣች፤ ቀጠን ያለች፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት። «እኔም እብድ ናት አላልኩም፣ እናቴ። እዚህ እንቅልፍ የራቃቸውም ይመጣሉ፣ ራሳቸውን ያመማቸውም ይመጣሉ። ግቡና እንነጋገር» አለች።

ገባን። ሲስተር እያልን ነበር የምንጠራት። ስለ ምግብ ትጠይቀኛለች ብዬ ለመዋሸት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ስለ ትምህርት ጀመረች።

«ስትጽፊ ብትሳሳቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ገጹን እቀደዋለሁ።»

«አስተማሪ ቢቆጣሽስ?»

«ተቆጥቶኝ አያውቅም።»

«ሲከፋሽ ለማን ትነግሪያለሽ?»

አሰብኩ። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ወደ እናቴ ዞረች። «እንዲህ የሆነችው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከልጅነቷ ነው። ጸባይዋ ነው። ጥሩ ጸባይ ነው ያላት» አለች እናቴ፤ እንደ መከራከር።

«ጥሩ ነው። እሱን ልናጠፋባት አይደለም። ግን ልንገርዎት፤ ይህ ሕመም እንደሷ ዓይነት ልጆች ላይ ይበረታል። ጠንቃቃ የሆኑ፣ ስሕተት የሚያስፈራቸው፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ የማይተዉ፣ የሚያስጨንቃቸውን የማይናገሩ። ልጅዎ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ደንቡን ትታ ትበላ ነበር።»

ሲስተሯ በሽታውን በእንግሊዝኛ ጠራችው፤ እናቴ ልትደግመው ሞክራ አልሆነላትም፤ ደግማም አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ታካሚ ብዙ ጊዜ እንደማይገጥማትና ያስተማራትን ሐኪም በስልክ እየጠየቀች እንደምታክመኝ ሲስተሯ ሳትደብቅ ነገረችን። ሕክምናው ቀላል ይመስል ነበር። መድኃኒቱ ምግብ ነው። ለጊዜው ምን ያህል እንደምበላ የሚወስኑት እናትና አባቴ እንጂ እኔ አይደለሁም። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከል ደግሞ መክሰስ አለ። ብቻዬን አልበላም፤ ከበላሁም በኋላ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ገበታ ላይ ጭቅጭቅ የለም። በየሳምንቱ መጥቼ እመዘናለሁ፤ ሚዛኑ ላይ የምቆመው ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ነው፤ ቁጥሩን አላይም።

«ጾምም የለም» አለች በመጨረሻ።

«ረመዳን ሊገባ ነው» አልኳት። እስከዚያ ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላወራሁም ነበር።

«አውቃለሁ። አትጾሚም።»

ወደ መርሳ ተመልሰን ቤት እንደደረስን አባቴን ሸሁን ጠይቅልኝ ብዬ አስቸገርኩት። ሸሁ ይፈቅዱልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ቤታችን መጡ፤ ታማሚ ሰው በረመዳን መብላቱ እንደተፈቀደለት፣ ጾሙ የሚጎዳው ከሆነ ደግሞ መጾሙ ተገቢ እንዳልሆነ በዝግታ አስረዱኝ። ተከራከርኳቸው። ሌሎች ታመው ይጾማሉ አልኳቸው። «ስለ ሌሎቹ ስጠየቅ እመልሳለሁ» አሉና ወደ እማማ ዞሩ። «አንቱም ዘንድሮ አይጾሙም። ሐኪሙ የነገረዎትን ሰምቻለሁ።»

እማማ ኪኒኑ እንደገና መገኘት ከጀመረ ወዲህ ክትትል ጀምረው ነበር። የሸሁን ንግግር ሲሰሙ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነው ግድግዳውን አዩ።

ሁለታችንን አንድ ላይ የማስቀመጡ ሐሳብ የእናቴ ነው። ሁሉም በሚጾምበት ቤት ከእኔ ጋር ምሳ የሚበላ ሌላ ሰው አልነበረም። ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ከተሰገደ በኋላ፣ እናቴ በትሪ እንጀራና ሽሮ፣ ጎን ለጎን ዳቦና ወተት ይዛ ወደ ኋላ ክፍል ገባች። እማማ መስኮቱን ዘጉ።

«ለምን ይዘጉታል? ይሞቃል እኮ» አለች እናቴ።

«ጎረቤት ጋ ሽታው እንዳይሄድ። የማፍር ሰው ነኝ እኔ።»

እናቴ ወጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። እኔና እማማ ትሪውን መካከላችን አድርገን ተያየን።

«ብዪ እንጂ» አሉኝ።

«አንቱ ይጀምሩ።»

«እኔ ስትበዪ እንዳይ ነው የተባልኩት።»

«እኔም እንደዚያው ነው የተባልኩት።»

በመጨረሻ ተስማማን። እሳቸው አንድ ሲጎርሱ እኔ አንድ እጎርሳለሁ። ጉርሻቸው በጣም ትንሽ ነበር፤ እኔም የእሳቸውን መጠን አየሁና አሳነስኩ። ትሪው ግን በሚገርም ፍጥነት ይጎድል ነበር። እናቴ ስትገባ ባዶ ሆኖ ታየውና «አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ የእማማን ሻርፕ ጠርዝ አየሁ። ተቋጥሮ አብጧል። ዓይኔን ተከትለው እሳቸውም የእኔን ቀሚስ ኪስ አዩ።

«ምንድነው ያለበት?» አልኳቸው።

«ያንቺስ ላይ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳንነጋገር ተስማምተን ነበር የምንደብቀው። እሳቸው ዳቦውን በሻርፓቸው፣ እኔ እንጀራውን በኪሴ። ከሰዓት ስንወጣ ዶሮዎቹ ከእኛ አይለዩም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲስተሯ ሚዛኑን አይታ ለእናቴ የቀነሰች ይመስላል አለቻት፤ እናቴ ግን ትሪው ባዶ ሆኖ እንደምታገኘው በአላህ ስም ማለችላት።

የእማማ ነገር የከፋው በረመዳኑ አጋማሽ ነው። ኪኒናቸውን ጠዋት ውጠዋል፤ ኪኒኑ ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። ቀትር ላይ ትሪው ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳለ ላብ በላብ ሆኑ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። የማላውቀውን ሰው ስም ጠርተው አናገሩኝ፤ ከዚያ ወደ ጎን ተዘረሩ። ጮኽኩ። እናቴ ገብታ ቀና አደረገቻቸውና፣ «ስኳር! ስኳር አምጪ!» አለችኝ። በኩባያ በጥብጬ አመጣሁ። በማንኪያ ከንፈራቸው ውስጥ ስታንጠባጥብላቸው ቆየችና ቀስ በቀስ ዓይናቸው ሰው መለየት ጀመረ። አስተካክላ ልታስተኛቸው ሻርፓቸውን ስታነሣ የታጠፈ ዳቦ ወደቀ። ዳቦውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንቺስ?»

ኪሴን ገለበጥኩት።

እናቴ አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ትሪውን ይዛ ወጣች። ስትመለስ አዲስ ምግብ ይዛ ነበር፤ ከኋላዋ አባቴ ገባ። ከገበያ አስጠርታው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ቀትር ላይ ሥራውን ጥሎ እየመጣ ትሪው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ይጾማል። ከንፈሩ ደርቋል። ወቅቱ የመርሳ ሙቀት የሚብስበት ነው። ወተቱን በኩባያ እየቀዳ ለእማማ ይሰጣል፣ ለእኔ ይሰጣል፤ እጁን ወደ አፉ አያስጠጋም።

«እኔ የምበላው መግሪብ ሲደርስ ነው። አንቺ አሁን ብዪ። እስክትጨርሺ አልሄድም» ይለኛል።

«ሆዴ ሞልቷል፣ አባ።»

«እሺ። ሆድሽ እስኪጎድል ቁጭ እንላለን።»

አይቆጣም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። አንዳንድ ቀን ሌላው ጸሎት፣ ዐስር፣ ይደርስብናል። እዚያው ሰግዶ እዚያው ይቀመጣል። ጠላሁት። እናቴንም ጠላኋት። እንደ ጠላት ነበር የማያቸው፤ ሆዴ ይነፋል፣ እግሬ ያብጣል፣ ከእያንዳንዱ ምሳ በኋላ አለቅሳለሁ። እማማም አኮረፉኝ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ የያዘቻቸው እናቴ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ግን ይበሉ ነበር። እያኮረፉ ይበላሉ፣ እኔም እያኮረፍኩ እበላለሁ። በመካከላችን አባቴ ተቀምጦ የማንጎ ዋጋ ያወራል።

ለሲስተሯ ሁሉንም ነገርኳት። አልተገረመችም። «ግትር ነሽ» አለችኝ፤ «ያ ይጠቅመናል። አሁን ያለሽ ጉልበት ሁሉ ላለመብላት እየዋለ ነው። ሌላ ሥራ እንፈልግለታለን፤ ያ ግን ኋላ ነው። መጀመሪያ ሰውነትሽ ይመለስ። የተራበ አእምሮ ምክር አይሰማም።» ለብዙ ሳምንታት ከዚህ የረዘመ ምክር አልሰጠችኝም። መዝና፣ የእናቴን ድካም ሰምታ፣ ትሸኘናለች። ኋላ ላይ ነው ትንንሽ ልምምዶች መስጠት የጀመረችው፤ ሆን ብለሽ አንድ ፊደል አበላሺና ሰርዘሽ እለፊ፣ ደብተሩን ሳትቀጂ አምጪልኝ፣ ዛሬ የከፋሽን አንድ ነገር ለእናትሽ ንገሪያት። የመጨረሻው ከሁሉም ከበደኝ።

ዒድ ሲደርስ ጉንጬ ትንሽ ሞልቶ ነበር። እንግዳ መጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አንዲት ጎረቤታችን እጄን ይዛ፣ «ማሻአላህ! ወፈርሽ እኮ!» አለችኝ። በደግነት ነው። እኛ አገር ከዚህ የተሻለ ምርቃት የለም። ሲስተሯ ስለ ሰውነቴ ማንም እንዳያነሣብኝ እናቴን አስጠንቅቃት ነበር፤ መርሳ ውስጥ ይህን ማን ለማን ሊከለክል ይችላል? ያን ቀን ከሰዓት ምንም አልበላሁም። የቀጣዩ ሳምንት ሁሉ እንደገና የጀመርን ያህል ነበር። አባቴ ረመዳኑ አልቆ ሳለ ቀትር ላይ ወደ ኋላ ክፍል መምጣቱን ቀጠለ፤ አሁን ግን እሱም አብሮን ይበላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ እንደገና ጀመረ። ከቆቦና ከወልድያ የሚሸሸው ሰው በመርሳ በኩል ወደ ደቡብ ጎረፈ። የእናቴ ዘመዶች ከነልጆቻቸው ወልድያን ለቀው እኛ ዘንድ አረፉ። ቤቱ ሞላ፤ ዱቄቱ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ወደ ሲስተሯም መሄድ አልተቻለም፤ የት እንዳለችም አላወቅንም። አንድ ቀን እራት ላይ ከእንግዶቹ አንዲት ትንሽ ልጅ ድርሻዋን ጨርሳ ሳህኔን ስታይ አየኋት። ሳህኔን ገፋሁላት። የእናቴ እጅ መጥቶ ሳህኑን መለሰው።

«ያንቺን አንቺ ብዪ። ለሷ እኔ አለሁ» አለችኝ።

«ትንሽ ልጅ ናት እኮ!»

«አንቺም ልጅ ነሽ። ብዪ።»

ዘመዶቻችን ሰምተው ተያዩ። የሰሰተችባቸው መስሏቸው ይሆናል። እናቴ አላብራራችም። ከራሷ እንጀራ ቆርሳ ለልጅቷ ሰጠቻትና እኔ እስክጨርስ ዓይኗን አልነቀለችም። ፊቴ በእፍረት እየጋለ ጨረስኩ። እናቴን የተረዳኋት ያኔ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያኔ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ሰላም ወረደ ተባለ፤ ዘመዶቻችን ወደ ወልድያ፣ እማማ ወደ ሐራ ተመለሱ። ሲስተሯ ወደ ሌላ ከተማ መዛወሯን ሰማን። በሷ ቦታ የተተካው ባለሙያ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሚዛኑ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እንደምቆም ግን ያስታወስኩት እኔ ነበርኩ። የወር አበባዬ በዓመቱ ተመለሰ። የረሃብ ስሜቴ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ መጣ፤ ለረጅም ጊዜ የምበላው ሰዓት አይቼ ነበር። አሁንም አንዳንዴ እንደዚያ ነው።

ጸባዬ አልተለወጠም። አሁን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። የዶርም ልጆች መጽሐፎቼን በቁመታቸው መደርደሬን አይተው ይሳሳቃሉ። ፈተና ላይ የተሳሳትኩትን ካወቅሁ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል፤ ልዩነቱ ምሳ መብላቴ ብቻ ነው። ባለፈው ረመዳን ሐኪሙም ሸሁም ጾሙን እንድሞክረው ተስማሙ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጾምኩ። ከዚያ ያ የድሮው ጥራት፣ ያ የመቻል ደስታ፣ ሲመለስ ተሰማኝ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «አቁሚ» አለችኝ። በማግስቱ ቁርስ በላሁ።

እማማ ግን ሙሉውን ጾመዋል። ሐኪም ከልክሏቸዋል፣ ሸሁ ከልክለዋቸዋል፣ እኔም ለምኜአቸዋለሁ። «ላንቺ መብላት የፈቀደልሽ ለእኔ አልፈቀደልኝም» ነው መልሳቸው። እግራቸው እንደገና ቆስሏል። እኔ ወልድያ ስላለሁ የቀጠሮ ቀን ከሐራ ሲመጡ መናኸሪያው ድረስ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ እግራቸውን ጭኔ ላይ አሳርፈው መንገዱን ያያሉ፤ ከምስጋናም ከወቀሳም አንድ ቃል አይወጣቸውም። ባለፈው ሳምንት ጣቱ ይድን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ገና አይታወቅም አለኝ።